እውነት ወይስ ተረት? «የማውቀው ሰው ስለሆነ አያሰጋኝም»

መቼም ይህን ያልሰማ የለም፤ «ጌይ የሆነ ወንድ ኤች አይ ቪ ሳይዘው አይቀርም፤ የቀን ጉዳይ ነው» ይባላል። አዲስ አበባ ይባላል፣ ዋሽንግተን ዲሲም ቡና ተይዞ ይባላል። ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሌላ አባባል ደግሞ አለ፤ እሱን የሚሉት ወንድ የሚወዱ ወንዶች ራሳቸው ናቸው። «እኔ እንደ እነ እገሌ አይደለሁም። ካገኘሁት ሁሉ ጋር አልተኛም። እኔን አያገኘኝም።» የመጀመሪያው አደጋውን ሰማይ ያደርሰዋል፣ ሁለተኛው ከነጭራሹ ያጠፋዋል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አደጋን የሚለኩት ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በማየት ነው። አደጋው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

«በሽታው የእነሱ ነው» የሚለው እምነት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1981 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣት ወንዶች እምብዛም በማይታይ የሳንባ ምች መያዛቸውን በሳምንታዊ ዘገባው አወጣ። አምስቱም ጌይ ነበሩ። ዓለም ስለ ኤድስ የሰማው መጀመሪያ በእነሱ በኩል ነውና ትዝታው እዚያው ተተከለ። ነገር ግን የቫይረሱን የዘር ሐረግ የመረመሩ ሳይንቲስቶች የደረሱበት፣ ከቺምፓንዚ ወደ ሰው የተሻገረው ቫይረስ ከ1920ዎቹ ገደማ ጀምሮ በዛሬዋ ኪንሻሳ በሰዎች መካከል ሲዛመት መቆየቱን ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ታየ እንጂ እዚያ አልተጀመረም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያንማ ይህ ሊያከራክረን ባልተገባ ነበር። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1986 ወዲህ ወረርሽኙ በዋናነት የተሠራጨው በወንድና በሴት መካከል ነው። በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ የተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ 1.2፣ ወንዶች ከመቶ 0.6 ነበሩ። ባሏን ብቻ የምታውቅ እናት የተያዘችበትን በሽታ «የእነሱ» ማለት እንዴት እንደቻልን አንዳንዴ ይገርመኛል።

«እንዲያ ከሆነ ጌይ ወንዶች ላይ አደጋው ይበረታል የሚባለው ውሸት ነዋ» ካሉኝ ግን፣ የለም፣ እሱስ እውነት ነው እላለሁ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ አዲስ ከሚያዙት ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ከወንድ ጋር ወሲብ የፈጸሙ ወንዶች ናቸው። ተረቱ ያለው በምክንያቱ ላይ ነው። «ልቅ ስለሆኑ ነው» ይባላል። አንዱ ትክክለኛ ምክንያት ግን ከጠባይ ጋር አይገናኝም፤ የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ስለሆነ ቫይረሱን በቀላሉ ያሳልፋል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ወዳጅ የሚፈለግበት ክበብ ጠባብ መሆኑና ቫይረሱም እዚያ ክበብ ውስጥ አስቀድሞ በብዛት መኖሩ ነው። ከመቶ ሰው አንዱ ቫይረሱ ባለበት ከተማ ፍቅረኛ የሚፈልግ ወንድና ከመቶ አሥራ አምስቱ ባለበት የሚፈልግ ወንድ፣ ጠባያቸው ቁርጥ አንድ ቢሆን እንኳ አደጋቸው አንድ አይሆንም።

የአንድ ጊዜ ግንኙነት አደጋ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ሕዝቡ የሚለውና ቁጥሩ የሚለው በጣም ይራራቃሉ። «አንዴ ከተሳሳትክ አለቀልህ» ይባላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት ተቀባዩ የሚያዘው ከ10,000 ጊዜ 138 ጊዜ ያህል ነው። አድራጊው ደግሞ 11 ጊዜ ያህል። በብልት በሚደረግ ግንኙነት ሴቷ የምትያዘው ከ10,000 ጊዜ 8 ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ የተቀባዩ አደጋ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ቢበልጥም በአንድ ጊዜ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም።

«ታዲያ ማስፈራራቱ ምን ይጎዳል? ይጠነቀቁ የለ!» የሚል ሰው አለ። ይጎዳል እንጂ። «አንዴ ይበቃል» እየተባለ ያደገ ወጣት ያለ ኮንዶም ተኝቶ፣ ሲመረመር ነጻ ሲሆን ምን የሚያስብ ይመስልዎታል? ወይ «ሰውየው ንጹሕ ነበር» ይላል፣ ወይ «የእኔ ደም አይቀበለውም» ይላል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይደግማል። ሌላው ደግሞ «በቃ ተይዣለሁ» ብሎ ይቆርጥና ምርመራውን ፈርቶ ዓመት ይቀመጣል። ጥቂት የሚመስለው ዕድል ሲደጋገም ይከማቻል፤ አንደኛው ወገን አዲስ በተያዘበት ሳምንታት ወይም ቂጥኝን የመሰለ ሌላ የአባላዘር በሽታ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። «አድራጊ ነኝና አያገኘኝም» የሚለውም በዚሁ ይመለሳል። ያነሰ አደጋ ነው፣ ያልነበረ አደጋ ግን አይደለም።

በ2016 ሲዲሲ ያወጣው ስሌትም «የቀን ጉዳይ ነው» ለሚለው ተረት ጉልበት ሰጥቶታል። ከወንድ ጋር ወሲብ ከሚፈጽሙ አሜሪካውያን ወንዶች ከስድስቱ አንዱ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ በዕድሜው ዘመን ይያዛል የሚል ነበር። ጋዜጦቹ ይህን በትልቁ ጻፉት። በጆሮ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ «አሁን ያለው የሥርጭት መጠን በዚሁ ከቀጠለ» የምትለዋን ቅድመ ሁኔታ ያስታወሰ ጥቂት ነው። ስሌቱ የታሰበው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነበር፤ ብዙ ሰው የሰማው ግን እንደ ንግርት ነው። ንግርት ደግሞ «ለምን እደክማለሁ?» ያሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን፤ ማን ይጠረጠር ሲባል ግን ሁላችንም እንግዳውን እናያለን። በስልክ መተግበሪያ የተገናኙትን፣ ስሙን በቅጡ የማያውቁትን፣ የአንድ ሌሊቱን ሰው። ለእሱ ኮንዶም ይወጣል። ሦስት ወር አብረው የቆዩት ወዳጅ ጋ ሲደርስ ኮንዶሙ ከመሳቢያው ይጠፋል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረትና ምሳሌ ለቤት ኪራይ ወይም ለሥራ ቅጥር ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ተመራማሪዎች ያገኙት የተገላቢጦሹን ነው። በ2003 የታተመ የአምስተርዳም ጥናት፣ በዚያች ከተማ ጌይ ወንዶች መካከል ከሚከሠቱት አዳዲስ መያዞች ከመቶ 86ቱ ከቋሚ ወዳጅ የመጡ መሆናቸውን አሰላ። በ2009 ደግሞ አምስት የአሜሪካ ከተሞችን የተመለከተ ተመሳሳይ ስሌት ከመቶ 68ቱ ከዋናው ወዳጅ ናቸው አለ። ሁለቱም በሒሳብ ሞዴል የተሠሩ ናቸው፣ ጊዜያቸውም ኋላ የማነሣው ፕሬፕ የተባለው የመከላከያ ክኒን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለዛሬ ቃል በቃል መውሰድ አይገባም። አቅጣጫው ግን ያስተምራል።

ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ከእንግዳ ጋር አንዴ ነው፣ ያውም በኮንዶም። ከወዳጅ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው፣ ያለ ኮንዶም። ወዳጁ ክፉ ስለሆነም አይደለም። ብዙ ጊዜ እሱም ስለራሱ አያውቅም፤ ከመገናኘታቸው ከወር በፊት ተይዞ፣ ሰውነቱ ውስጥ ቫይረሱ እጅግ በበዛበት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ጉንፋን መስሎት ሁለት ቀን ተኝቶ የተነሣበት ትኩሳት እሱ ነበር ይሆናል። እምነት ስለ ሰውየው ልብ ይነግረን ይሆናል እንጂ ስለ ደሙ አይነግረንም። ታዲያ ይህ ተረት ለምን አይሞትም? ወዳጅን «እስኪ ሄደን እንመርመር» ማለት እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ይመስለኛል። «አታምነኝም?» የምትለውን መልስ መስማት የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ሰዎች ጥያቄውን ይውጡና በፋንታው ፊትን ያነባሉ፣ ሥራን ያያሉ፣ ትምህርትን ይቆጥራሉ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ጤነኛ ይመስላል፣ ይበቃል ይላሉ።

«እኔ ራሴን አውቃለሁ» የሚለውስ? በዚህ ላይ የማልረሳው ጥናት አለ። ከ1994 እስከ 2000 በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ከወንድ ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ 5,649 ወጣቶች ተመረመሩ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ነበር። 573ቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከእነዚህ ከመቶ 77ቱ መያዛቸውን አያውቁም ነበር። ሳያውቁ ከተያዙት መካከል ደግሞ ከመቶ 59ኙ «የእኔ አደጋ ዝቅተኛ ነው» ብለው መልሰዋል። ልብ ይበሉ፣ ይህን ሲሉ ቫይረሱ አስቀድሞ ሰውነታቸው ውስጥ ነበር። ሰው አደጋውን የሚመዝነው ከሚያውቀው ሁሉ የባሰውን ሰው ፊቱ አቁሞ ነው። «እገሌ በሳምንት አራት ሰው ያገኛል፤ እኔ በዓመት ሦስት» ይላል። እገሌ ሲበድል እኔ የምጸድቅ ይመስል! እንደዚህ ዓይነቱ ሚዛን ሁልጊዜ ለባለቤቱ ያደላል፤ ምክንያቱም የባሰ ሰው አይጠፋም።

ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጌይ ወንዶች የሚወራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ቁጥራቸው የበዛው ስለማይጠነቀቁ ነው» ይባላል። ግሬጎሪዮ ሚሌትና ባልደረቦቹ በ2012 ዘ ላንሴት ላይ ያሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ማጠቃለያ ይህን ውድቅ አድርጎታል። ጥቁሮቹ ከሌሎቹ የባሰ ጠባይ አላሳዩም፤ የወሲብ ጓደኞቻቸው ቁጥር አይበልጥም፣ አደንዛዥ ዕፅም የሚጠቀሙት ያነሰ ነው። ልዩነቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ ሥራና የጤና መድን ማጣት፣ ሕክምና ዘግይቶ መጀመር፣ ከዚያም የተነሣ በክበባቸው ውስጥ ሳይታከም የሚዘዋወረው ቫይረስ መብዛቱ። ተረቱ የሚቆየው ለሰሚው ስለሚመች ነው፤ ጥፋቱ የሰውየው ከሆነ የክሊኒኩን በር ማን ዘጋው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህ ዲሲና ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2009 የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር ባወጣው ሪፖርት ከከተማዋ አዋቂና ታዳጊ ነዋሪዎች ቢያንስ ከመቶ 3ቱ ቫይረሱ ነበረባቸው። እዚያ የሚኖር ሐበሻ ወጣት ወንድ የሚወድ ከሆነ፣ ከአካባቢው ክበብ ውጭ አይደለም። የኛ ሰው ከሰማብኝ ብሎ ደግሞ ምርመራውን ከሌላው ይልቅ ሊያዘገይ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በወንዶች መካከል የሚደረግ ወሲብ በሕግ የሚያስቀጣ በመሆኑ ለሐኪም እውነቱን መናገር የባሰ ይከብዳል።

ከሁለቱም ፆታ ጋር ስለሚገናኙ ወንዶች አንድ ነገር ብቻ ልበል። «በሽታውን ከጌዮች ወደ ሚስቶች የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው» የሚለው በአሜሪካ በ2004 ገደማ በቴሌቪዥን ሳይቀር ተናፍሷል። ይህ የሆነባቸው ቤቶች የሉም አይባልም። ነገር ግን የሴቶችን መያዝ ሁሉ በእነሱ ላይ መጫን ቁጥሩ አይደግፈውም፤ ከሴት ጋር ብቻ ከሚተኙ ወንዶች የሚመጣውን ይደብቃልና። ተረቱ ተወዳጅ የሆነው ድብቅ ጠላት ያለበት ታሪክ ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማን ይጠላል!

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የምንፈራው ሰው ማን እንደሆነ ነው። «ቫይረሱ አለብኝ» ያለውን እንሸሻለን። እውነቱ ግን መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድና ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም። ይህን የስዊዘርላንድ ሐኪሞች በ2008 ሲናገሩ ብዙዎች ተቆጥተውባቸው ነበር። ኋላ ፓርትነር 2 የተባለው የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታተለ። ያለ ኮንዶም ወደ 76,000 ጊዜ ግንኙነት አደረጉ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም በሕክምና ላይ ካለው ወዳጅ ወደ ሌላው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። ይልቁንም በጥናቱ ጊዜ 15 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር የአንዱም ከወዳጁ ጋር አልገጠመም። ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። እንግዲህ ሰውየው እቤቱ ካለው፣ ከሚፈራው ወዳጁ ሳይሆን፣ ከማይፈራው ሰው ተያዘ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ እዚህ ደረጃ ለመድረስ እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል፣ ካቋረጡትም ይመለሳል፣ ጨብጥና ቂጥኝንም አይከለክልም። ይህ እውነት ወደ ሰዉ ልብ ለመግባት የዘገየው፣ እኔ እንደምገምተው፣ በሞትና በማስፈራራት ላይ የቆመው የያኔው ቅስቀሳ ከአእምሯችን ስላልወጣ ነው። ያን ጊዜ የተማርነውን የሻረ ትምህርት በዚያው ጩኸት አልተነገረንም።

«ፕሬፕ የሚወስድ ሰውማ ሴሰኛ ነው» ይባላል፤ ፕሬፕ ቫይረሱ የሌለበት ሰው አስቀድሞ የሚወስደው መከላከያ መድኃኒት ነው። አሜሪካ በ2012 ፈቅዳዋለች። በእንግሊዝ በተደረገው ፕራውድ በተባለው ጥናት የመያዝን ዕድል በ86 ከመቶ ቀነሰ። በዓመት ሁለቴ የሚወጋው ሌናካፓቪር የተባለው ፕሬፕ ከወንዶች ጋር በሚተኙ ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ መርፌውን ከወሰዱት 2,179 ሰዎች የተያዙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አሜሪካም በጁን 2025 ፈቀደችው። መሐል ሲድኒ ውስጥ ፕሬፕ፣ ምርመራና ሕክምና ተባብረው በጌይ ወንዶች ላይ የሚደርሰውን አዲስ መያዝ ከ2010 እስከ 2022 በ88 ከመቶ አውርደውታል። የቀን ጉዳይ ነው ሲባል የነበረው ንግርት እዚያ ፈርሷል። ፕሬፕን ለመውሰድ እንቅፋት የሆነው የገንዘብ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ «እኔ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም» የሚለው ሐሳብ ነው። ብዙዎች ክኒኑን መዋጥ ስለ ራስ መናዘዝ ይመስላቸዋል።

በነገራችን ላይ እንግሊዝ ውስጥ በ2020 በአሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ቫይረሱ እንዳለባቸው ከታወቁት መካከል ከተቃራኒ ፆታ ጋር የሚገናኙት ከጌይና ከሁለቱም ፆታ ጋር ከሚገናኙ ወንዶች በለጡ፤ ከመቶ 49 ለ45። ይህን የማነሣው «አይመለከተኝም» ብለው እስከዚህ ላነበቡት ነው።

«ተመርምሬ ነጻ ነኝ» የሚለው ወረቀትም እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ለዘላለም የሚያገለግል የሚመስላቸው አሉ። ከክንድ የደም ሥር ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራው ዘመናዊ ምርመራ ቫይረሱን የሚይዘው ከተጋለጡ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጣት የሚወሰደው ፈጣን ምርመራ ደግሞ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ያለፈው ዓመት ወረቀት ስለ ባለፈው ወር የሚናገረው የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ኮንዶም ለመተው ከተስማሙ አብረው ይመርመሩ፤ ጊዜውን ጠብቀውም ይድገሙት። ፍቅራቸው በዚህ የሚፈርስ ከሆነ ቀድሞም ሌላ ችግር ነበረበት።

የመጨረሻው ተረት «አንዴ ከሆነ በኋላ ምን ይደረጋል!» የሚለው ነው። ይደረጋል። ኮንዶሙ ከተቀደደ ወይም ከነጭራሹ ካልነበረ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የተጀመረና ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ ሊያስቀረው ይችላል፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ሐኪሙ ማወቅ የሚያስፈልገው ምን እንደተደረገና መቼ እንደተደረገ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ሰኞን አይጠብቁ፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊቱንም ክፍት ነው።